የልጄ ስኮላርሺፕ ከቱሽኗ ይበልጣል፤ የትምህርት ታክስ ክሬዲቱ ቀረብን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጃችን 19 ዓመቷ ነው። በስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የምትኖረው ዶርም ነው። ለ2025 የመጣላት 1098-ቲ (ዩኒቨርሲቲው ለግብር የሚልከው ወረቀት) ሳጥን 1 (የተከፈለ ቱሽን) ላይ 12,000 ዶላር፣ ሳጥን 5 (ስኮላርሺፕና ግራንት) ላይ 13,500 ዶላር ይላል። ከ13,500ው ውስጥ 5,400 ፔል ግራንት (የፌደራል መንግሥት የማይመለስ ድጋፍ) ነው፤ 8,100 የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ነው። ለዶርምና ለምግብ 11,000 ዶላር ገደማ ከኪሳችንና ከብድር ከፍለናል። መጽሐፍ በ600 ዶላር ገዝታለች። በሰመር ሠርታ 5,200 ዶላር አግኝታለች። የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ ተደምሮ 60,000 ነው። የ12 ዓመት ታናሽ ወንድም አላት። ታክስ የሚሠራልን ሰው «ስኮላርሺፑ ከቱሽኑ ስለሚበልጥ የትምህርት ክሬዲት የላችሁም። እንዲያውም ትርፉ 1,500 ዶላር በልጅቷ ላይ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል» አለን። አምናም ክሬዲት የላችሁም ብሎን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ስኮላርሺፕ የለውም፤ እነሱ ግን 2,500 ዶላር አገኙ። ልጃችን ጎበዝ በመሆኗ ተቀጣን ማለት ነው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያላችሁ። በ60,000 ዶላር ደመወዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት፣ ያውም ስኮላርሺፕ ይዛ፣ ትልቅ ነገር ነው።

አልተቀጣችሁም። ክሬዲቱም አልቀረባችሁም። በሰጡኝ ቁጥሮች ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ለቱሽን ብቻ የተሰጠ ነው ብለን እንኳ ብንነሳ፣ ሙሉው 2,500 ዶላር ይገባችኋል። ልጃችሁ ደግሞ ለፌደራል መንግሥት አንድ ዶላር የገቢ ግብር አትከፍልም። ሳጥን 5 ከሳጥን 1 መብለጡ ብቻውን ክሬዲት አያስቀርም። እንዴት እንደሆነ ረጋ ብለን እንየው፤ በየዓመቱ ብዙ ቤተሰብ በዚህች አንድ ወረቀት ምክንያት ገንዘቡን ሳይጠይቅ ይቀራል።

መጀመሪያ ክሬዲቱ ምን እንደሆነ። አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ክሬዲት ይባላል። በ2009 የመጣ ነው፤ በ2015 ደግሞ ቋሚ ሆነ። ለቱሽን፣ ትምህርት ቤቱ ግድ ለሚላቸው ክፍያዎችና ለመጻሕፍት ከወጣው ገንዘብ የመጀመሪያውን 2,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ ይሰጣችኋል። ከቀጣዩ 2,000 ደግሞ ሩቡን፣ ማለትም 500 ዶላር ይጨምራል። ስለዚህ 4,000 ዶላር ወጪ ካሳያችሁ 2,500 ታገኛላችሁ፤ ከዚያ በላይ ብታወጡ የሚጨመር የለም። ከ2,500ው ውስጥ 1,500 ያለባችሁን ግብር ይቀንሳል። ቀሪው 1,000 ግብር ባይኖርባችሁ እንኳ ተመላሽ ይሆናል። ተማሪው ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት፤ ዲግሪ ወይም ሌላ የታወቀ የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚማርም መሆን አለበት። ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲያስሞሉ ገቢያቸው እስከ 160,000 ከሆነ ሙሉውን ያገኛሉ። ከዚያ በላይ እየቀነሰ ሄዶ 180,000 ላይ ያልቃል። እናንተ ከዚህ ጣሪያ ሩቅ ናችሁ። ባልና ሚስት ለየብቻ ካስሞሉ ግን ክሬዲቱ ጭራሽ የለም።

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ። ሕጉ የሚከለክለው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ወጪ ሁለት ጊዜ መጠቀም። ስኮላርሺፕ ለቱሽን ሲውል ከግብር ነፃ ነው፤ ይህ አንድ ጥቅም ነው። በዚያው በተከፈለው ቱሽን እንደገና ክሬዲት ልውሰድ ቢሉ አይቻልም። እስከዚህ ድረስ ታክስ ሠሪያችሁ ልክ ነው።

የሳተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ስኮላርሺፕ ለዶርም፣ ለምግብና ለትራንስፖርት ሲውል ከግብር ነፃ አይደለም፤ የተማሪው ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። ገቢ ሆኖ ከተቆጠረ ደግሞ ከቱሽኑ ላይ አይቀነስም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስኮላርሺፕ አላት ወይ?» አይደለም። «የትኛው ገንዘብ የትኛውን ወጪ ከፈለ?» ነው። ገንዘብ እንደሆነ መልክ የለውም። ፔሉ ቱሽን ከፈለ፣ የእናንተ ገንዘብ ዶርም ከፈለ ማለት ይቻላል። ፔሉ ዶርም ከፈለ፣ የእናንተ ገንዘብ ቱሽን ከፈለ ማለትም ይቻላል። ግራንቱ ለኑሮ ወጪም እንዲውል የሚፈቅድ ከሆነ፣ ምርጫው ለተማሪዋ የተሰጠ ነው።

ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። አይአርኤስ (የፌደራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ራሱ በሕትመት ቁጥር 970 ላይ በግልጽ ያስቀመጠው ነው። ዩኒቨርሲቲው ግራንቱን በቀጥታ ከቱሽኑ ላይ ቢቀንሰው እንኳ ተማሪዋ ከዶርም ወጪዋ ጋር እንዳታያይዘው አይከለክላትም ይላል። ይህንን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው «ግን እኮ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ላይ ፔሉ ከቱሽን ነው የተቀነሰው» ስለሚለኝ ነው። ችግር የለውም። ትምህርት ቤቱ ሒሳቡን በፈለገው መንገድ ያቀናንሰው።

ይህንን ምርጫ እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አላውቀውም ነበር። ሁለቱን ሳጥኖች አይቼ «የላችሁም» ብዬ የመለስኳቸው ቤተሰቦች ነበሩ። በኋላ ሲገባኝ ደውዬላቸው ጊዜው ያላለፈውን አስተካከልን። ጊዜው ያለፈባቸው ግን ገንዘባቸው ቀረ። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው።

እንቁጠር። ቱሽንና ክፍያ 12,000፣ መጽሐፍ 600፣ ድምሩ 12,600 ዶላር። መጽሐፉ ከሌላ ሱቅ ቢገዛም ለዚህ ክሬዲት ይቆጠራል፤ ትምህርቱ የሚጠይቀው ይሁን እንጂ። 1098-ቲ ላይ ግን አይገባም፤ ስለዚህ ደረሰኝ ካልያዛችሁ የሚያስታውሰው የለም። በነገራችን ላይ ታክስ ሠሪያችሁ ያለው 1,500 ዶላር ትርፍም በዚሁ ምክንያት ልክ አይደለም። መጽሐፉ ሲቆጠር ትርፉ 900 ብቻ ነው።

ክሬዲቱን ሙሉ ለማግኘት 4,000 ዶላር ወጪ ከግብር ነፃ በሆነ ገንዘብ ሳይነካ መቅረት አለበት። ከ12,600 ላይ 4,000 ስናነሳ 8,600 ይቀራል። ይህን 8,600 ከግብር ነፃ የሆነው ስኮላርሺፕ ይሸፍነው። ስኮላርሺፕና ግራንቷ ደግሞ 13,500 ነው። ከዚያ 8,600 ሲነሳ 4,900 ዶላር ይተርፋል። ይህ 4,900 ዶርሟንና ምግቧን ከፈለ እንላለን፤ በእሷ ላይ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። የዶርምና የምግብ ወጪዋ 11,000 ስለሆነ ከበቂ በላይ ቦታ አለ።

የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ለቱሽን ብቻ ተብሎ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደ ዶርም ማዞር አይቻልም። ፔል ግራንት ግን ለኑሮ ወጪም መዋል ይችላል። የእናንተ ፔል 5,400 ነው፤ የምንፈልገው 4,900። ስለዚህ 8,100ው የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለቱሽን ይሁን። ከፔሉ 500 ዶላር እዚያው ላይ ይጨመር። ቀሪው 4,900 ወደ ዶርም ይሂድ። የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ለቱሽን ብቻ ቢል እንኳ ይህ ስሌት ይሠራል።

«እሺ፣ ታዲያ ልጅቷ ልትከፍል ነው?» ትሉኛላችሁ። አትከፍልም። የሰመር ደመወዟ 5,200 ነው። 4,900 ሲጨመር 10,100 ዶላር ይሆናል። ዲፔንደንት የሆነች (ወላጆቿ በፎርማቸው ላይ በሥራቸው ያስገቧት) ተማሪ ስታንዳርድ ዲዳክሽኗ (ግብር የማይጣልበት የገቢዋ ክፍል) ለ2025 የሚሰላው ሠርታ ባገኘችው ላይ 450 ዶላር በመጨመር ነው፤ ጣሪያው 15,750 ነው። ለዚህ ስሌት ገቢ ሆኖ የተመዘገበ ስኮላርሺፕ ሠርቶ እንደተገኘ ገቢ ይቆጠራል። ስለዚህ ዲዳክሽኗ 10,550 ሆኖ ከገቢዋ ይበልጣል። ግብር የሚጣልበት ገቢዋ ዜሮ ነው።

ፋይል የማድረግ፣ ማለትም የግብር ፎርም የማስገባት፣ ግዴታም የለባትም፤ ነገር ግን ታድርግ። አንደኛ፣ ከሰመር ደመወዟ የተቆረጠ የፌደራል ግብር ካለ ይመለስላታል። ሁለተኛ፣ 4,900ውን በራሷ ፎርም ላይ ማሳየቷ ለእናንተ ማስረጃ ነው። አይአርኤስ ነገ ቢጠይቅ ሁለቱ ፎርሞች እርስ በርስ ይናበባሉ። ስኮላርሺፑ የሚገባው በስኬጁል 1 መስመር 8-አር ላይ ነው። እዚያው ፎርም ላይ ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ ያስገባኛል የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረጓን አትርሱ። ይህን የረሳ ልጅ የወላጆቹን ፋይል ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል፤ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው።

ወደ እናንተ ፎርም እንምጣ። ከ60,000 ላይ ለ2025 የባልና ሚስት ስታንዳርድ ዲዳክሽን 31,500 ሲቀነስ 28,500 ይቀራል። በዚያ ላይ ያለው ግብር 2,940 ዶላር አካባቢ ነው። የትምህርት ክሬዲቱ ከሌለ የታናሽ ወንድሟ 2,200 ዶላርና የእሷ 500 ዶላር የዲፔንደንት ክሬዲት ሲቀነስ 240 ዶላር ያህል ግብር ይቀርባችኋል። ከክሬዲቱ ጋር ግን ግብሩ ዜሮ ይሆናል፤ 2,260 ዶላር ያህል ደግሞ ተመላሽ አለ። ከደመወዝ የተቆረጠውንና ሌሎች ክሬዲቶችን ሳንቆጥር ማለቴ ነው። የሁለቱ ልዩነት 2,500 ነው። ለ60,000 ዶላር ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ሊሆን ይችላል።

የጎረቤታችሁ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ልጃቸው ስኮላርሺፕ ስለሌለው ቢያንስ 4,000 ዶላር ቱሽን ከኪሳቸው ወይም ከብድር ከፍለዋል። ከዚያ ላይ 2,500 አገኙ። እናንተ ደግሞ 13,500 ዶላር ያመጣች ልጅ አለቻችሁ፤ 2,500ውም አይቀርባችሁም።

ብድርን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ስህተት ላርም። ብድር ስኮላርሺፕ አይደለም። በተማሪ ብድር የተከፈለ ቱሽን እናንተ ከኪሳችሁ እንደከፈላችሁት ይቆጠራል። ክሬዲቱን የምትወስዱት ብድሩ ቱሽኑን በከፈለበት ዓመት ነው፤ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ መጠበቅ የለም። አጎት ወይም አያት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ከፍለው ቢሆንም ልጅቷን ዲፔንደንት አድርጎ የሚያስገባው ወላጅ ይወስደዋል።

አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ «ልጁ ራሱ ለምን አይወስደውም?» ይላል። ወላጅ ዲፔንደንት አድርጎ ካስገባው ልጁ መውሰድ አይችልም። ወላጅ ቢተወውም፣ ከ24 ዓመት በታች ሆኖ ከሚያስፈልገው ወጪ ቢያንስ ግማሹን በሥራ ገቢው የማይሸፍን የሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ ወላጁ በሕይወት እስካለ ድረስ ያንን 1,000 ዶላር ተመላሽ አያገኝም። ስለዚህ ልጁ ይውሰደው የሚለው ሐሳብ የሚጠቅመው አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ገቢያቸው ከ180,000 በላይ ሆኖ ክሬዲቱ ሲዘጋባቸው ነው፤ ያውም ልጁ የሚቀነስለት ግብር ካለበት። እናንተን አይመለከትም።

አሁን መጠንቀቅ ያለባችሁ ላይ ልቆይ። ይህ ምርጫ ለሁሉም ሰው ያለ ሒሳብ አይሠራም።

ልጁ ብዙ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደመወዙ 15,000 ዶላር ከደረሰ፣ የሚጨመርበት ስኮላርሺፕ ግብር ያመጣል። ይሄኔ ደግሞ የልጆች ግብር የሚባለው ሕግ ይመጣል። ደመወዝ ያልሆነው ገቢው በ2025 ከ2,700 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ትርፉ በወላጆቹ የግብር መጠን ሊሰላ ይችላል። ስኮላርሺፕ ለዲዳክሽን ሲሆን እንደ ሥራ ገቢ ይቆጠር እንጂ ለዚህኛው ሕግ አይቆጠርም። ግራ ያጋባል፤ ግን ሕጉ እንዲህ ነው። የእናንተ ልጅ ግብር የሚጣልበት ገቢዋ ዜሮ ስለሆነ አይነካትም። የሚነካውም ቢሆን ቶሎ ተስፋ አይቁረጥ። የመጀመሪያው 2,000 ዶላር ወደ ዶርም ሲዞር ለወላጅ 2,000 ዶላር ያመጣል። በ10 ወይም በ12 በመቶ ግብር ልጁ ላይ የሚመጣው 200 ወይም 240 ዶላር ነው። ቀጣዩ 2,000 ግን የሚያመጣው 500 ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ እርሳስ ይዞ መቁጠር ያስፈልጋል። የስቴት ግብርም አብሮ ይታይ።

ሜዲኬድ ወይም በኦባማ ኬር በኩል የጤና መድን ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነገር እዩ። ዲፔንደንት የሆነ ልጅ ገቢ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር የሚደመረው ልጁ የፌደራል ግብር ፋይል የማድረግ ግዴታ ሲኖርበት ነው። ልጃችሁ በ10,100 ዶላር ግዴታ የለባትም። በፈቃዷ ፋይል ማድረጓ ይህን አይለውጠውም። ደመወዙና ስኮላርሺፑ ተደምሮ ከ15,750 የሚያልፍ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ክሬዲቱን ከመድኑ ድጎማ ጋር ያመዛዝን።

ከፋፍሳ (ፔልና ሌላ የተማሪ ድጋፍ ከሚጠየቅበት ፎርም) ጋር በተያያዘም ይጠይቁኛል። «ገቢዋ ከጨመረ የሚቀጥለው ፔል ይቀንስ ይሆን?» የሚል ስጋት አለ። ፋፍሳው ላይ በግብር ፎርም ገቢ ሆኖ የተመዘገበ ስኮላርሺፕ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚያ 4,900 ብላ ትጻፍ። ስሌቱ ያንን መጠን ከገቢዋ ላይ ያነሳዋል። ባዶ ከተወችው ግን እንደ ተራ ገቢ ይታያል፤ ያኔ ሊጎዳት ይችላል።

1098-ቲው ራሱ ላይ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። ወረቀቱ ማስታወቂያ ነው እንጂ የመጨረሻ ሒሳብ አይደለም። ሳጥን 1 በዓመቱ ውስጥ የተከፈለውን ያሳያል። ሳጥን 5 በዓመቱ ውስጥ የተሰጠውን ግራንት ያሳያል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የጃንዩዋሪው ሴሚስተር ቢል ዲሴምበር ላይ ከከፈላችሁ ክፍያው በዚያው ዓመት ይቆጠራል፤ ትምህርቱ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወራት የሚጀምር እስከሆነ ድረስ። ሳጥን 7 ምልክት የሚደረግበት ለዚህ ነው። ለዚያ ሴሚስተር የሚሰጠው ፔል ግን ጃንዩዋሪ ላይ ገብቶ የሚቀጥለው ዓመት ሳጥን 5 ላይ ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ የትምህርት ቤቱ ፖርታል ውስጥ ገብታ የዓመቱን ሒሳብ ዝርዝር ታትም። ቱሽን፣ ክፍያ፣ ዶርም፣ ምግብ፣ እያንዳንዱ ግራንት ከነቀኑ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እኔ ያለዚያ ወረቀት አልጀምርም።

ስለ አምናው። በ2024 መኸር ጀምራ ከሆነ ያን ጊዜም የፔል ገንዘብ ሳይኖራት አይቀርም። በ1040-ኤክስ፣ ያለፈ ዓመት ፎርም በሚታረምበት ፎርም፣ ማስተካከል ይቻላል። ፋይል ካደረጋችሁበት ጊዜ ጀምሮ በአጠቃላይ ሦስት ዓመት አላችሁ፤ ለ2024 እስከ ኤፕሪል 2028 ማለት ነው። የእሷ የ2024 ፎርምም አብሮ መታየት አለበት፤ ወደ ዶርም የዞረው ገንዘብ በዚያ ዓመት ገቢዋ ላይ ይገባልና።

ነገር ግን ከመቸኮላችሁ በፊት አስቡ። ይህ ክሬዲት ለአንድ ተማሪ አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚወሰደው። በመኸር ጀምራ በአራት ዓመት በሜይ የምትመረቅ ልጅ ግን አምስት የግብር ዓመት ትነካለች፤ 2024፣ 2025፣ 2026፣ 2027 እና 2028። አምስተኛው ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ 300 ወይም 400 ዶላር ብቻ ለሚያመጣ ዓመት አንዱን ዕድል አታቃጥሉ። በ2024 አንድ ሴሚስተር ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ያንስ ይሆናል። ተሠርቶ ወደ 2,500 የሚጠጋ ከሆነ አሁኑኑ ውሰዱት፤ በእጅ የገባ ይሻላል። በጣም ትንሽ ከሆነ ግን እስከ 2028 መጀመሪያ ድረስ ጊዜ ስላለ ይቆይ። ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በፔል ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩ ልጆች ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። ኮሌጁ ርካሽ በነበረ ጊዜ ሁለቱን ዕድል በትንሽ ገንዘብ ይጨርሱና ውዱ ቱሽን ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

እቤት እየኖረ የሚማር ልጅም ከዚህ ምርጫ አይወጣም። ምግብ፣ የአውቶቡስና የቤንዚን ወጪ አለው። ወደ ኑሮ የሚዞረው ግራንት ግን በእውነት ካወጣው ወጪ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ እሱም ወጪውን ይመዝግብ።

አራቱ ዓመት ካለቀ፣ ወይም ልጁ አንድና ሁለት ኮርስ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ላይፍታይም ለርኒንግ የሚባል ሌላ ክሬዲት አለ። እስከ 10,000 ዶላር ከሚደርስ ወጪ 20 በመቶ፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል። ተመላሽ አይሆንም፤ ግብር ብቻ ይቀንሳል። ነርሲንግ ወይም ሌላ ነገር ማታ ማታ የምትማሩ ወላጆችንም ያገለግላል። የስኮላርሺፑ ሕግ እዚያም ያው ነው።

የመኖሪያ ወረቀትን በተመለከተ ሁለት ነገር። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ሁለቱንም የትምህርት ክሬዲቶች ለመውሰድ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግድ ሆኗል፤ የሚወስደውም ሰው፣ ተማሪውም ሊኖረው ይገባል። አይቲን (ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የግብር ቁጥር) ብቻ ይዘው ሲወስዱ የነበሩ ቤተሰቦች ይህን ከወዲሁ ይወቁ። ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 ቪዛ የመጡ ተማሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት የካሌንደር ዓመታት ለግብር ነዋሪ ተብለው ስለማይቆጠሩ ክሬዲቱ የላቸውም። ለዶርምና ለምግብ የሚሰጣቸው ስኮላርሺፕ ግን ግብር አለበት። ከላይ የጻፍኩትን ስሌት እነሱ ለራሳቸው እንዳይጠቀሙበት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ገሚሱን ብቻ አታድርጉ። 4,000 ዶላሩን በእናንተ ፎርም ላይ አስገብቶ 4,900ውን በልጅቷ ላይ አለማሳየት ምርጫ አይደለም፤ ስህተት ነው። «ወረቀት አያስፈልግም፣ 4,000 ብለን እንሙላው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ። አይአርኤስ ገንዘቡን ከነወለዱ ያስመልሳል። በግዴለሽነት የተጠየቀ ነው ካለ ለሁለት ዓመት፣ ማጭበርበር ነው ካለ ለአሥር ዓመት ክሬዲቱን ይከለክላችኋል። ልጃችሁ ተመርቃ ወንድሟ ኮሌጅ ሲገባ ያ እገዳ አብሯችሁ ሊኖር ይችላል።

ታክስ ሠሪያችሁን አትቀየሙት። ወረቀቱን ሲያዩት በእርግጥ የላችሁም የሚል ይመስላል። ይህን ክሬዲት የሚሞላ ባለሙያ የመጠየቅና የማጣራት ግዴታ አለበት፤ ካላጣራ እሱም ይቀጣል። አንዳንዱ ለጥንቃቄ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ስትሄዱ ሥራውን የሚያቀልለትን ነገር ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። 1098-ቲው፣ ከፖርታሉ የታተመው ሒሳብ፣ የፔልና የስኮላርሺፑ ደብዳቤ፣ የዶርም ቢል፣ የመጽሐፍ ደረሰኝ፣ የልጅቷ ደብሊው-ቱ (የደመወዝ ወረቀት)። ከዚያ እንዲህ በሉት፦ «ከፔሉ 4,900 ዶላር ለዶርምና ለምግብ ውሏል፤ በልጅቷ ፎርም ላይ ገቢ አድርገህ አስገባልን። በእኛ ፎርም 8863 ላይ 4,000 ዶላር ወጪ አስገባ።» አልገባኝም ካለ ሕትመት 970ን ከፍቶ ስኮላርሺፕና የትምህርት ክሬዲት እንዴት እንደሚቀናጁ የሚያስረዳውን ክፍል ያንብብ። የልጅቷ ፎርምና የእናንተ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ቢሠራ ይመረጣል። የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ላይ ያልገባችሁ አረፍተ ነገር ካለ ስምና ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፤ አይቼ እመልስላችኋለሁ።